የይስማው ፉጨት

ቤርገን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

…ከዚያ በኋላ ፉጨቱ ነው የሚመጣው። ወይስ ከሳሉ በፊት ነበር? እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይጠፋብኛል። የምሳውን አገልግል ይዤ በባቄላው ማሳ ዳር እየሄድኩ ነው። አባቴ ከትልሙ ጫፍ ደርሶ በሬዎቹን እያዞረ ነው፤ የማየው ጀርባውን ብቻ ነው። ጥቁሩ በሬ፣ ጉራች፣ በቀኝ በኩል ነው። ሳሉ ይመጣል፣ ሰው ባዶ ጎተራ ውስጥ ራሱን አስገብቶ የጮኸ ይመስል። በሬዎቹ ጆሯቸውን ያቆማሉ። ከዚያ…

ይቅርታ የኔታ። ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁ። ሐሳቡ እጄን ቀደመው።

የተከበሩ የኔታ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ እንደምን ሰነበቱ? እምዬ ቦጋለችስ? ጉልበቷ ክረምቱን እንዴት አለፈው? እርስዎና እሷ ያሳደጋችሁኝ ቤት፣ ግቢው፣ የተማሪዎችዎ ጎጆዎች፣ ሁሉም በያሉበት ደኅና ይሁኑልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሥራዬ እዚያው የአረጋውያኑ መጦሪያ ወጥ ቤት ነው። ዝናቡ አያቋርጥም። እዚህ ሰው ዝናብ ዘነበ አይልም፤ ያልዘነበ ዕለት ነው የሚያወራው።

ከመስኮቴ ሥር ወደብ አለ። ማለዳ መርከብ ሲወጣ ጥሩምባው ዝቅ ካለ ቦታ ይነሣና ቀስ እያለ ይወፍራል። በመጀመሪያው ሳምንት ከእንቅልፌ ነቅቼ እርስዎ ለተማሪዎቹ ድጓ የሚጀምሩላቸው መስሎኝ ነበር። ዓይኔን ሳልገልጥ ትንሽ ቆየሁ። አሁን ለምጄዋለሁ። ግን አሁንም ዓይኔን ወዲያው አልገልጥም።

አጎትሽን ለምን እንደ ተማሪ የኔታ ትይዋለሽ እያሉ ሰዎች ይስቁብኝ እንደነበር ያስታውሳሉ? እዚህ የሚስቅብኝ የለም። የሚያውቀው የለማ።

የምጽፈው ለአንድ ጉዳይ ነው። አብራኝ የምትሠራ ሰብለ የምትባል የእስቴ ልጅ አለች። ትስላለች። ሳሏ የአባቴን ይመስላል፣ ወይም የማስታውሰውን ይመስላል። ሐኪሞቹ እያንዳንዳቸው የተለያየ ስም ይሰጡታል። የአባቴን ሳል ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ በሕይወት የለም። እንዴት ነበር? ስሙን ምን አሉት? ፉጨቱስ ከሳሉ በፊት ነበር ወይስ በኋላ?

ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ንፋስ መውጫ ፎቶ ኮፒ ቤት ላለው ለጌዲዮን እልከዋለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኔትወርክ ያገኘ ቀን አትሞ፣ ወደ አርብ ገበያ ለሚወርድ ገበያተኛ ይሰጥልኛል። መልስዎንም በገበያተኛው በኩል ለጌዲዮን ይላኩልኝ።

ልጅዎ፣ እድላዊት ይስማው


ያልተላከ

ሰብለ የምትባል የለችም። የምስለው እኔ ነኝ።

መደወል ያቆምኩት ለዚህ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ይይዘኛል፣ እርስዎ ደግሞ ድምፅ የሚያውቁ ሰው ነዎት፤ እንደምን አደሩ ከማለቴ ይለዩታል። ወረቀት አይስልም።

የአየር ቧንቧዬ ጀርባው ለስልሷል። አየር ሳስገባ ይሰፋል፣ ሳወጣ ግድግዳው ይተኛል። ሐኪሞቹ በቀዶ ጥገና ከኋላው ደጋፊ መረብ እንስፋበት ይላሉ። እሺም እምቢም ማለት የእኔ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት አባቴ እንዴት እንደሞተ ማወቅ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ስማዳ፣ የእናቴ ዘመዶች ዘንድ ልከውኝ ነበር። ስመለስ አውድማው ተጠርጎ ነበር። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። ልጅ ስለነበርኩ የተጠረገው አውድማ መልስ መስሎኝ ነበር።


ታች ጋይንት፣ ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእድላዊት፣

ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን። በምትረግጪው ምድር ሁሉ የድንግል ጥላ አይለይሽ። እኛ አለን። ገብሱ ዘንድሮ አፍርቷል፣ ውርጭ ሳይቀድመን እንሰበስበው ይሆናል። ቦጋለች ጉልበቷን ረስታዋለች፤ አሁን ያለችው ወገቧን ነው።

መደወል ካቆምሽ ቆየሽ። ቦጋለች "ስልኳ ዝናብ ገብቶበት ነው" ትላለች። ይህንኑ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች። አሁን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጤናዬን ከመጠየቁ በፊት "የእድላዊት ስልክ ደረቀ ወይ?" ይለኛል። ምን ልበላቸው?

ስለ ይስማው ሳል ጠየቅሽ። ሰው ስለ ወንድሙ ሳል ይጠየቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ሆኖም ሳዳምጥ እዚያው ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። የሌላው ሰው ሳል ከጉሮሮ ይነሣል። የእሱ ከደረት ይነሣና መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ድምፁ ሳያልቅ መንገዱ ያልቅበታል። በድጓችን ምልክት ጻፈው ብትይኝ ደረት ብዬ ጀምሬ ቁርጥ ላይ እጥለው ነበር። ከአንድ ሸንተረር ማዶ ሆኜ ይስማው ነው ማለት እችል ነበር።

ስሙንስ የትኛውን ልንገርሽ? ጤና ጣቢያው አስም ነው አለ። ቀጥሎ የመጣው ባለሙያ ቲቢ ነው ብሎ መድኃኒት አስጀመረው፤ አክታው ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም። ከተማ ስንወስደው ብሮንካይተስ ተባለ። በዓመቱ ደግሞ የሳንባ ምች። እኛ አዲሱ ስም ሲመጣ አሮጌው የሄደ አልመሰለንም፤ ደመርናቸው። "ይስማው አራት በሽታ ተሸክሞ ያርሳል፣ እኛን አንድ ጉንፋን ያስተኛናል" ይሉት ነበር። እሱም ይስቅ ነበር። ሲስቅ ያስለው ነበር፣ ሲያስለው ደግሞ የባሰ ያስቁታል።

ስለ ፉጨቱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁበትና ተማሪዎቹ መጡብኝ።

ሰብለ የማን ልጅ ናት? እስቴ ሰፊ ነው። ወገኖቿ ያውቃሉ ወይ?

አንቺን በየሰንበቱ በቅዳሴው ጸሎት ከመንገደኞቹ ጋር እናስጠራሻለን። ቄስ ወልደ ሰንበት ሊቀድሱ ሲገቡ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ። ስምሽን በቃላቸው ያውቁታል፣ ቢሆንም እነግራቸዋለሁ። ከሄድሽ ጀምሮ የዘለልነው ሰንበት የለም። መንገደኛ የሚባለው እስኪመለስ ድረስ ነው፤ እኔ ገና መንገደኛ ነሽ ብዬ ነው የማስበው።

ገንዘብ አትላኪ፣ ጣሪያው ዘንድሮን ይችላል። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ድምፅሽን በስልክ ቀድተሽ ለጌዲዮን ላኪልኝ። ምንም ይሁን። ስለ ዝናቡ ብታወሪም ይበቃኛል።

አጎትሽ፣ ቀለመ ወርቅ


ቤርገን፣ ጥር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ የኔታ፣

የጻፉልኝ ደረሰኝ፤ እጅዎን ይባርክልኝ። የፊደልዎ አጣጣል አልተለወጠም። "ሰ" ፊደልዎ አሁንም ግራ እግሩን ያሳጥራል። ወረቀቱን ከማንበቤ በፊት እሱን ነው ያየሁት።

ገብሱ ገባ ወይ? ዛሬ የሚወቃበት ጊዜ እንደሆነ ቆጠርኩና ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሽማግሌ ሾርባውን እየጠበቀ "ምን ሸተተሽ?" አለኝ። ጭድ ነው የሸተተኝ።

ሰብለም እንደ አባቴ ስሞች በዝተውባታል። መጀመሪያ አስም አሏት። ከዚያ አንዱ ሐኪም ትራኪዮማላሲያ ብሎ ጠራው፣ የአየር ቧንቧ መለስለስ ማለት ነው። ሌላኛው ቃሉን አስረዝሞ ትራኪዮብሮንኮማላሲያ አለው፣ ልስላሴው ወደ ቅርንጫፎቹም ወርዷል ለማለት። በደረቷ ራጅ ላይ ስፋቱን የለካው ደግሞ ትራኪዮብሮንኮሜጋሊ ብሎ ጻፈ። በመጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሐኪም ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ "ሙኒየ-ኩን" አሉ። እኔ ሁለት ሰዎች መስለውኝ ነበር። አንድ ሰው ነው፤ ድሮ የነበረ ፈረንሳዊ ሐኪም። ይህን ሁሉ የማውቀው ሰብለ ቋንቋው ስለሚያስቸግራት አብሬያት ስለምገባ ነው።

ስሞቹን ስትሰማ ልክ እንደ እናንተ ደምራ አምስት በሽታ ያላት መስሏት ነበር። ሴትየዋ ሐኪም ነገሩን እንዲህ አሉ፤ አንዱ ስም ስለ ልስላሴው ነው፣ አንዱ ስለ ስፋቱ ነው፣ አንዱ በሽታውን መጀመሪያ ስላስተዋለው ሰው ነው። ቧንቧው ግን አንድ ነው። ከዚያ በዘር የሳለ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሰብለ አላውቅም አለች።

የኔታ፣ ፉጨቱን አይርሱብኝ። ደግሞ አባቴ በመጨረሻ እንዴት ሆነ? ትንሽ ስለነበርኩ አልነገራችሁኝም፤ አሁን ትንሽ አይደለሁም።

ድምፅሽን ላኪ ላሉት፣ የሥራ ሰዓቴ አይመችም፣ ክፍሌም ከሌሎች ጋር ነው። እልካለሁ። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ።

ልጅዎ፣ እድላዊት


ታች ጋይንት፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእድላዊት፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በጾሙም በፍስኩም አብሮሽ ይዋል። ወረቀትሽ የጥር ነው፣ የደረሰኝ ግን የሆሳዕና ሰሞን። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርኩም እንደ መንገዱ ሆኖ ከረመ። ጌዲዮን "እኔ ጋ ሳይሆን ሰማይ ላይ ነው የከረመው" ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ፉጨቱ ከሳሉ በፊት ነው በኋላ ብለሻል። ሁለቱም አይደለም። በሳሉ ምትክ ነው የሚመጣው።

እንደምታውቂው ገበሬ በሬውን የሚነዳው በጩኸት ነው። ይስማው መጮኽ አይችልም ነበር፤ ከጮኸ ሳሉን ጠራው ማለት ነው። ስለዚህ ከንፈሩን አሞጥሙጦ ቀስ አድርጎ ያፏጭ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳይቸኩል። አሁን ሳስበው በሬውን ሳይሆን ትንፋሹን ነበር የሚነዳው፤ በሬዎቹ ተከተሉት እንጂ። እነሱም ለመዱት፣ ሌላ ሰው ቢጮኽባቸው ንቅንቅ አይሉም ነበር። ጉራችን ለአንድ ቀን የተዋሰ ጎረቤት ሳይመሽ መለሰውና "በሬህ ማኅሌት ይፈልጋል፣ ወንድምህ ጋ ውሰደው" አለው፣ እኔን ሊነካ። ቦጋለች ግን "ጨዋ በሬ ነው፣ ተቆጥቶት የሚያውቅ የለም፣ ምን ያድርግ" ብላ መለሰችለት።

በመጨረሻ እንዴት ሆነ ላልሽው፣ ገብስ እየወቃን ነበር። እኩለ ቀን ነው። እሱ በሬዎቹን አውድማው ላይ ያዞራል፣ እኔ ጭዱን እለያለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ። ፉጨቱ ይሰማኛል፤ ለረጅም ጊዜ ይሰማኛል፤ ሰው የለመደውን ድምፅ እንደማያዳምጠው ነው የምሰማው። ቀና ያልኩት በፉጨቱ መቆም አይደለም። በበሬዎቹ ነው። ማንም ሳያስቆማቸው ቆመው ነበር። እሱ ነዶው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ እንደሞጠሞጠ ነበር።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አንቺ ስለ ጠየቅሽ፣ ለሰብለም ይጠቅማት እንደሆነ ብዬ ነው።

ሰኔ ሚካኤልን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ እውላለሁ፤ እዚያ ደብር የሚያገለግል የቀድሞ ተማሪዬ ጠርቶኛል። በዚያው የሰብለን ወገኖች አፈላልጌ አይዟችሁ እላቸዋለሁ። ልጃቸው የአገሯ ሰው አጠገቧ እንዳላት ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። የክርስትና ስሟንም ላኪልኝ፣ ከሕሙማኑ ጋር እናስጠራት። ሰብለ ተብሎ ለመቅደስ አይሰጥም።

አጎትሽ፣ ቀለመ ወርቅ


ያልተላከ

በሬዎቹ ቆመው ነበር።

የመተንፈስ ልምምድ የምታሠራኝ ልጅ ትኩስ ሾርባ እንደምታበርጂ ንፊ ትለኛለች። ከንፈርሽን አጥብቢ፣ አትቸኩዪ፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ አየሩን ቀስ ብለሽ አስወጪው። ደጁ ሲጠብ አየሩ ከውስጥ ግድግዳውን ይዞ ያቆመዋል። ይህን ለመማር በቀጠሮ እሄዳለሁ፣ ሥዕል ያሳዩኛል። አባቴ ማንም አላሳየውም።

ዛሬ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ አፏጨሁ። መስተዋቱ ፊት አፌን አየሁት። የእኔ አፍ አይመስልም። ስላላየሁት፣ ጀርባውን ብቻ ስላየሁት፣ የእሱ ይመስል አይመስል ማወቅ አልችልም።

ከንፈሩ እንደሞጠሞጠ። እየታገለ ነበር ማለት ነው? ወይስ እያፏጨ፣ እንዲሁ፣ በመሐል? የኔታ የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስንት ጊዜ ብገለብጠው ሌላ ነገር አይወጣውም።

እስቴ ይሄዳሉ። የሌለች ሴት እናት ሊፈልጉ።


ቤርገን፣ ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔታ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

እባክዎ መካነ ኢየሱስ ሲወርዱ የሰብለን ወገኖች አይፈልጉ። ለቤተሰቧ አልተናገረችም፣ እንዲነገርባትም አትፈልግም። ጌዲዮን ይህን ቶሎ እንዲያደርስልኝ ለምኜዋለሁ። አይፈልጓቸው።

ስለ አውድማው ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

እድላዊት


ታች ጋይንት፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእድላዊት፣

ክረምቱን በሰላም ያውጣሽ፤ ክረምትና በጋ የማይለይበት አገር ብትሆኚም።

"አይፈልጓቸው" የሚለው ወረቀት የደረሰኝ ከመካነ ኢየሱስ ከተመለስኩ በኋላ ነው። የሆነውን ልንገርሽ፤ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ሰብለ የምትባል ልጅ ባሕር ማዶ ያላት ሰው ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ወይዘሮ የኔነሽ ናት አሉኝ፣ ቤቷም ቅርብ ነው። ሄድኩ። ጥምጣም ያደረገ ሰው፣ መቋሚያ የያዘ፣ ከሩቅ የመጣ፣ ደጇ ላይ ቆሞ "ልጅሽ ሰብለ" ይላታል፣ ቀጥሎ የወጣኝ ቃል ደግሞ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ነው። ለታመመ ሰው ወገን ማለቴ ነበር። ይህ ቃል በእኛ አገር መቼ እንደሚባል ከአፌ ከወጣ በኋላ ገባኝ።

ሴትዮዋ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ነጠላ ተዘቀዘቀ። እኔ አልሞተችም እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤቷ ስልክ መታችላት። ልጅቷ ያለችው ቤይሩት ነው። አፏ ውስጥ ምግብ ይዛ "እማዬ ምሳ ላይ ነኝ፣ ቆይተሽ ደውዪ" አለች። ሁሉም ሰማት። ለቅሶውም ሳቁም አብሮ ሆነ። ወይዘሮ የኔነሽ ዓይኗን እየጠረገች "እንግዲህ አስለቅሰውኛል፣ ሳይበሉ አይሄዱም" ብላ አስገባችኝ። የበላሁትን አላስታውስም።

ሌሎቹ ሲስቁ እኔ የዚያችን ሴት ፊት አየሁ። ልጇ ስታኝክ ስትሰማ የሆነችውን። የልጇን ድምፅ ሰማች፣ በቃ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

በመኪናው መስኮት በኩል እያየሁ ስመለስ አንድ ነገር አሰብኩ። አልጽፈውም። ቤት ስገባ ያንቺን ወረቀት ቦጋለች ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብኩት።

ለምን አይፈልጓቸው እንዳልሽ አልጠይቅሽም። ድምፅሽንም ከእንግዲህ አልጠይቅሽም፣ ሳይመችሽ አትላኪ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ። የክርስትና ስሟን።

አጎትሽ፣ ቀለመ ወርቅ


ቤርገን፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ።

ወይዘሮ የኔነሽን አስቤ ብዙ ቀን ከረምኩ። ይህን ወረቀት ደጋግሜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አንደኛው ላይ ወለተ ጊዮርጊስ ብዬ ነበር። ለሌላው ሰው መዋሸት ይቻላል፤ ለእርስዎም እንኳ አንድ ዓመት ችያለሁ። የሌለች ሴት ስም መቅደስ እንዲገባ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

አመተ ጽዮን።

የቀዶ ጥገናው ቀን ጥቅምት 25 ነው፣ ማለዳ። እሺ ብያለሁ።

ለእምዬ ቦጋለች ስልኬ ገና እርጥብ ነው ይበሉልኝ።

እድላዊት


ታች ጋይንት፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰንበት ጠዋት

ልጄ፣

ይህን የምጽፈው ቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ስለሆነ ፊደሉ ቢወላገድ አትቀየሚኝ።

ስሙ ባለፈው አርብ ገበያ መሐል ደረሰኝ። ቆሜ አነበብኩት። አንድ አህያ ከነጭነቷ ገፋችኝ፣ ባለቤቷ "የኔታ መንገድ ላይ ነዎት" አለኝ። አዎ፣ መንገድ ላይ ነበርኩ።

ስትጠመቂ አባትሽ አቅፎሽ ነበር። ካህኑ "ማን እንበላት?" ሲሉት አፉን ከፈተና ሳሉ ያዘው። ቆዩለት። አልለቀቀውም። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ተቀበልኩና አመተ ጽዮን አልኩ። እሱ በራሱ ነቀነቀ። ቤት ስንገባ "ልትል ያሰብከው ያንን ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት። "አሁን አዎ" አለኝ።

ለቦጋለች ስልኩ እርጥብ ነው አልኳት። "እስካሁን?" አለችና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም፣ ለጎረቤትም አላወራችም። የምትወጂውን የባቄላ ቆሎ መቁላት ጀምራለች። ማን እንደሚበላው አልነገረችኝም።

በሚያዝያ ስለ አውድማው የጻፍኩልሽን መልሼ መላልሼ አሰብኩት። ለማን እየጻፍኩ እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ሌላ ቃል እፈልግለት ነበር። ግን ሌላ ቃል የለውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። በሬዎቹ ሲቆሙ ጸጥ ብለው ነበር የቆሙት። እነዚያ በሬዎች ሳሉ ሲያጣድፈው ይደነግጡ ነበር፣ ቀንበሩን ይጎትቱ ነበር፤ አንቺም አይተሻል፣ ጆሯቸውን ያቆሙ ነበር። ያን ቀን አልደነገጡም። ጆሯቸውም እንደ ወትሮው ነበር።

ቅዳሴው እንዳለቀ መኪና ካገኘሁ ንፋስ መውጫ እወጣለሁ። ይህን ወረቀት ጌዲዮን ዛሬውኑ ይልክልሻል፣ ኔትወርኩ ካለ። ነገ ከመግባትሽ በፊት እደውላለሁ፣ አሁንም ኔትወርኩ ካለ። ስታነሺው ቃል አትናገሪ። እንደምን አደሩም አትበይኝ፣ ደኅና ነኝም አትበይኝ። አንድ ጊዜ አፏጪልኝ። ቀስ ብለሽ፣ ሳትቸኩዪ፣ እስከሚያልቅ። መሪጌታ አያፏጭም፤ ስለዚህ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ዝም ስል ስልኩ የተቋረጠ እንዳይመስልሽ።

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ቄስ ወልደ ሰንበት መጡ። እንደ ወትሮው ጆሯቸውን አዘነበሉልኝ።

"አመተ ጽዮን" አልኳቸው።

"እሷማ ከመንገደኞቹ ጋር ናት፤ መቼ ረስቻት አውቃለሁ?"

"ከሕሙማኑ ጋር ይጥሩልኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ከመንገደኞቹ ላውጣት?"

"አያውጧት" አልኩ። "በሁለቱም ይጥሯት።"

ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። የመቅደሱ በር ተዘጋ።